ገባ ማለት ይገባል ማለት አይደለም

እናንተ መኪና ያላችሁ ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። የሌላችሁም ብትሰሙኝ አይጎዳችሁም፤ ነገ ትገዙ ይሆናል፣ ባትገዙም የሰው መኪና ላይ መሳፈራችሁ አይቀርም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሞተር ተከፍቶ ባየው የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም፣ አላውቅም ብዬም አላፍርም። የማውቀው ልክ የሚባለውን ነገር ነው። ሰው ልኩን ሲስት ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ የጎረቤቴ ቤት አሳይቶኛል። ያየሁትን ውጬ ልቀመጥ ብል ሆዴ እሺ አላለኝም።

ይህ ጎረቤቴ በአንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው። ቁመቱ አጠር ስለሚል ሰው ሁሉ «ጉርዱ» ይለዋል፤ ከእናቱ በቀር በስሙ የሚጠራው የለም። ክፉ ልጅ አልነበረም። አባቱ ሲሞት የተወለትን አሮጌ አውቶሞቢል አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ዘይቷን በጊዜው ቀይሮ ይይዛት ነበር። መኪናዋ ትንሽ፣ ዝቅ ያለች፣ ቀለሟ የደበዘዘ ናት። ግን ሰው ጭና ሳታደርስ የቀረችበትን ቀን አላስታውስም።

ዋና ሥራዋ እናትየውን ማመላለስ ነበር። እኛ ጎረቤቶች እማማ እንላቸዋለን። ኩላሊታቸው ሥራውን ካቆመ ቆይቷል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሕክምና ቤት ሄደው፣ ማሽን አጠገብ ተኝተው ደማቸው ይታጠባል። ጉርዱ ይነዳል፣ እማማና ሴት ልጃቸው ከኋላ ይቀመጣሉ። ይህች ሴት ልጅ ዳቦ ቤት ውስጥ ጋጋሪ ናት፤ ሰፊ ትከሻ፣ ደልደል ያለ ሰውነት፣ ከሁሉ የሚበልጥ ሳቅ ያላት።

እማማ መርፌ አጥብቀው ይፈራሉ። ለእጥበቱ የሚገባው መርፌ ደግሞ ወፍራም ነው። ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው የልጃቸውን እጅ ጭምቅ አድርገው ይይዛሉ። ልጅቷም በዚያ ቀን ዳቦ ቤቱ ውስጥ ማን ሊጥ እንዳበላሸ፣ ማን ዳቦ አሳርሮ በሌላው እንዳላከከ እየቀባጠረች መርፌው ገብቶ ያልቃል። «ያለ እሷማ አልችለውም» ይሉ ነበር እማማ። የሚፈልጉት ይኸው ነበር፤ መርፌው ሲገባ የሚይዙት እጅ።

ነገሩ የተበላሸው ጉርዱ በሚሠራበት መጋዘን ግቢ ውስጥ ነው። ባልደረቦቹ ጎማቸው ሰፊ፣ ቁመታቸው ረጅም የሆኑ መኪኖች እየገዙ መምጣት ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆመው እሱን ይጠብቁታል።

«ሰው ከመኪና ይወርዳል፤ ጉርዱ ግን ከመኪና ይወጣል» ይላል አንዱ።

«ተዉት፣ እሱ ማቆሚያ ቦታ አይቸግረውም። ኪሱ ውስጥ ከቷት ነው የሚገባው» ይላል ሌላው።

አንድ ቀን ደግሞ አለቃው ራሱ መኪናዋን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና፣ «ይቺን ከነባለቤቷ ረግጬ እንዳላልፍ ፊሽካ ግዙላት» አለ። ግቢው ሙሉ ሳቀ፣ ጉርዱም አብሮ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ይህን ሁሉ የነገረኝ አዲስ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ የመጣ ቀን ነው።

«ሰው የሚለውን የምትሰማ ከሆነ ከቤትህም አትወጣም» አልኩት።

«እትዬ፣ ለአንቺ ቀላል ነው» አለኝ ሱሪውን እያጠፈ። «እኔ አንዴ ከፍ ብዬ ልያቸው።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ። ዶሮዋስ የታነቀችው ራሷ ናት፤ የእኛ ሰው ግን ገመዱን በሌላ አንገት ላይ ነው ያስገባው።

ቅዳሜ ዕለት ጨርቅ ልገዛ ስወጣ ላድርስሽ ብሎ ጫነኝ። መንገድ ላይ ጎሚስታው ዘንድ አቆመ። ጎማ የሚለውጠው ሰውዬ ግድግዳ ላይ የተደገፉ፣ ጥርሳቸው የፈጠጠ ትልልቅ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ነበሩት። ጉርዱ ከመኪናው ሳይወርድ ዓይኑ እነሱ ላይ አረፈ።

«እነዚህ ለእኔ መኪና ይገባሉ?» አለው።

ጎሚስታው መኪናዋን በክሪክ አነሳት። የፊቱን ጎማ ፈትቶ ትልቁን ገጠመና በእጁ መታ አደረገው። ጎማው አየር ላይ ዞረ።

«ይገባል» አለ።

«የመኪናው ቁመት ሳይነሳ?»

«ከፍ ማድረጊያ ብናስገባበት ይሻል ነበር። ካልፈለግክ ግን እንዲሁም ይገባል። ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ጫፉን ቀጥቅጬ ወደ ውስጥ እመልሰዋለሁ።»

«ጎማው ራሱ ከፍ ያደርጋት የለ? ሌላ ምን ማንሻ ያስፈልጋል» አለ ጉርዱ።

ወገኖቼ፣ ቋንቋችን አንዳንዴ ያታልላል። «ይገባል» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። በክፍተቱ ያልፋል ማለታችን ነው፤ ተገቢ ነው ማለታችንም ነው። ጎሚስታው የመጀመሪያውን ተናገረ፣ ጉርዱ ሁለተኛውን ሰማ። እኔ ሱቄ ውስጥ ስንቱን አይቻለሁ! ሱሪው ወገቡ ላይ ስለወጣለት ልኬ ነው ብሎ ይሄዳል፤ ወንበር ላይ ቁጭ ሲል ከኋላው ይተረተርበታል። ሱሪ ቆመው ብቻ አይለካም፣ ተቀምጠውም ነው።

«ባዶዋን አትለካት» አልኩት። «ሰው አስቀምጥባት፣ መሪዋን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው፣ ከዚያ በኋላ ይገባል በል።»

«እትዬ፣ አንቺ ስለ ክር አውሪ» አለኝ እየሳቀ። ጎሚስታውም ሳቀ።

እናም መኪናዋ ባዶዋን፣ መሪዋ ቀጥ እንዳለ፣ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ተለካች። አራቱም ጎማ ተለወጠ። አልዋሽም፣ መሬት ስትረግጥ ከፍ አለች። ጉርዱ ራቅ ብሎ አያት፣ ጠጋ ብሎ አያት፣ እግሩን አንስቶ ገባባት። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ አሳዘነኝ። የመጋዘኑ ሰዎችም ሰኞ «አደገች እኮ» አሉት መሰለኝ፣ ያን ሰሞን ሲራመድ ደረቱን ነፍቶ ነበር።

ማክሰኞ እማማ ለእጥበት የሚሄዱበት ቀን ነው። በሩ ተከፍቶ እግራቸውን ሲያነሱ አልደርስ አላቸው፤ ጉልበታቸው የሚታጠፈው በጭንቅ ነው። ጋጋሪዋ ከሥራቸው አቅፋ አስገባቻቸውና ራሷም ተከትላ ገባች። መኪናዋ ስትነሳ ከኋላ ክርርር የሚል ድምፅ መጣ። ከሱቄ በር ሳያልፉ የጎማ ማረር ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ጉርዱ አቁሞ ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ጎማው የፓራፋንጎውን ቀለም ልጦታል።

«ውረጂ» አለ እህቱን።

«እኔን ነው?»

«አዎ፣ ውረጂ። አንቺ ስትቀመጪ ይነካል።»

«ስንት ዓመት ሙሉ ስቀመጥባት የኖርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ያኔ ሌላ ጎማ ነበር። አሁን ሁለት ሰው የምታክል ሴት አትችልም። የዳቦ ቤቱን ዱቄት አንቺ ነሽ እንዴ የምትጨርሽው?»

ይህ የተባለው መንገድ ላይ ነው። ሰው ቆሞ ይሰማል፤ ከቆሙት አንዱ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። ልጅቷ ወረደች፣ ቀሚሷን ወደ ታች ሳበች፣ የእናቷን ጉልበት በጨርቅ ሸፈነችና በሩን ዘጋች። ጉርዱ ጥቂት ነዳ፤ ድምፁ ጠፍቷል። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አየሽ?» አላት። እህቱ መውረዷን እንደ መድኃኒት ቆጠረው።

ሲመለስ ጠብቄ ያዝኩት። «አንዷ ከፊት ትቀመጥ» አልኩት።

«ከፊት ሰው ከተቀመጠ መሪ ሲዞር የፊቱ ይነካል።»

«ታዲያ ይህ መኪና ነው ወይስ የሳሎን ጌጥ?»

«ለነጂ አይነካም» አለ።

«እሺ፣ እናትና ልጅ በታክሲ ይሂዱ።»

«መኪና እያለኝ እናቴን ታክሲ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

እንግዲህ ስሙት። እህቱን በአደባባይ ሲያዋርድ ሰው ምን ይለኛል አላለም። እናቱን ታክሲ ላይ ማሳፈር ሲመጣ ግን ሰው ታየው። የይሉኝታችን ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚፈራው ዓይን እንጂ በደል አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ጋጋሪዋ በአውቶቡስ ትከተል ጀመር። ግን የዳቦ ቤቱ ሥራ የሚያልቅበት ሰዓትና አውቶቡሱ የሚመጣበት ሰዓት አልገጥም አለ። እየሮጠች ስትደርስ መርፌው ገብቷል፤ ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ደግሞ አስታማሚ አይገባም። በበሩ መስታወት እናቷን አይታ፣ እጇን አውለብልባ ትመለሳለች። እማማ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለሚተኙ አያዩዋትም።

አንድ ቀን ጉርዱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሱቄ መጣ። «እትዬ፣ አንቺ ቀጭን ነሽ» አለኝ፤ በግ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች እያየኝ። «እማዬን አብረሻት ብትሄጂ መኪናው ይችልሻል።» ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ እማማ ብቻቸውን መርፌው ፊት መቀመጣቸው ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ለእሳቸው ስል ሄድኩ። ግን እጄን ሲይዙ አውቀዋለሁ፣ የሚፈልጉት የእኔን እጅ አልነበረም። እኔ ስለ ዳቦ ምን አውቄ አወራለሁ።

ከእሱ ጋር መሄድ ራሱ ሥቃይ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ስለማያዞር ለአንድ መታጠፊያ ወደፊት ወደኋላ ይላል። ጉድጓድ ሲያይ «አጥብቃችሁ ያዙ» እንኳ ሳይል ድንገት ጠምዝዞ ያንገጫግጨናል፤ ጎማው እንዳይነካ ብሎ ጆሮውን ወደ ኋላ ያቆማል እንጂ ዓይኑን ወደ ፊት አያደርግም። አንድ ጠዋት መታጠፊያው ላይ ጋሪ የሚገፋ ሰው ድንገት ገባብን። ጉርዱ መሪውን ሲጠመዝዝ ጎማው ፓራፋንጎውን ያዘና መሪው ከግማሽ በላይ አልዞርም አለ። ፍሬን ረገጠ፤ መኪናዋ እንደ ድሮዋ ቶሎ አልቆመችም። ጋሪው ለጥቂት ተረፈ፣ ገፊው ሰውዬ መንገዱ መሐል ቁጭ አለ። ጉርዱ ዞሮ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እትዬ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ምን ይዘሻል?»

«ካውያ» አልኩት።

«ሁለተኛ እንዳትይዢ፤ ይከብዳል።»

ስንደርስም ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው። በሩን ለእናቱ ለመክፈት እንዳይመስላችሁ። አራቱንም ጎማ እየዞረ፣ ፓራፋንጎው ሥር ጣቱን እየሰደደ፣ አዲስ ጭረት ይፈልጋል። እማማ ከወንበሩ ጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ይጠብቁታል። መሬቱ ይርቃቸዋል። እሱ ጭረቱን ፈልጎ እስኪጨርስ እኔ አቅፌ አወርዳቸዋለሁ።

አንድ ቀን መንገድ ላይ እማማ ደፈር ብለው ጠየቁት። «ልጄ፣ እህትህ አንድ ቀን እንኳ አብራን ብትመጣ ምናለ? መርፌው እንቢ አለኝ እኮ።»

ጉርዱ በመስታወቱ አያቸው። «እማዬ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ነገሩ የክብደት ነው። ከሁለት አንዳችሁ ቅለሉና አብራችሁ ትቀመጣላችሁ» አለ። እየሳቀ ነው ያለው።

«ከእኔና ከእሷ?»

«አዎ። እሷ እንደሆነች አትቀልም።»

እማማ አልሳቁም። ለእኛ ነገሩ በዚያው አለፈ።

ሕክምና ቤት ሕመምተኛው ከእጥበቱ በፊት ይመዘናል፤ ምን ያህል ውሃ ሰውነቱ ውስጥ እንደተጠራቀመ የሚታወቀው በዚያ ነው። እማማ ቀድሞ ሚዛኑ ላይ ወጥተው ይወርዳሉ እንጂ ቁጥሩን ጠይቀው አያውቁም ነበር። አሁን ሁልጊዜ «ስንት ሆንኩ?» ማለት ጀመሩ። ሲነገራቸው ፊታቸው ይፈካል። እሰይ፣ ተሻላቸው ብዬ እኔም ደስ አለኝ። ቀሚሳቸውን አጥብቢልኝ ብለው አመጡልኝ፣ አጠበብኩ። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ቀሚስ እንደገና አመጡት። «ውሃው ወጥቶልኝ ነው» አሉኝ፣ አመንኳቸው።

የቁርጡ ቀን መጣ። ነርሷ እማማን መዘነቻቸው፣ ሚዛኑን አየች፣ አውርዳ ደግማ መዘነቻቸው። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስባ ክንዳቸውን ያዘች። ክንዱ በአንድ እጇ መዳፍ ውስጥ ገብቶ ጣቶቿ ተገናኙ።

«እማማ፣ ይህ ውሃ አይደለም» አለች። «የሚሄደው ሥጋዎ ነው። ምግብ አይበሉም እንዴ?»

«እበላለሁ እንጂ።»

«ምን በሉ ዛሬ?»

እማማ እኔን ሰረቅ አድርገው አዩኝና መልሰው ወደ ነርሷ ዞሩ። «መጀመሪያ ስንት እንደሆንኩ ንገሪኝ» አሉ።

ነርሷ ነገረቻቸው። እማማ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በሆዳቸው አሰቡ። «እንግዲህ ትንሽ ነው የቀረኝ» አሉ።

«ለምኑ?»

«ልጄ እንድትገባ።»

ነርሷ አልገባትም። እኔ ግን ገባኝ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ነርሷ ሰምታ ጨረሰችና «ልጃቸው የታለ?» አለች።

ወጥቼ አገኘሁት። መኪናው ጎን ተንበርክኮ እጁን እስከ ክርኑ ፓራፋንጎው ሥር ከቷል። «ተነስ» አልኩት። «እናትህ ሚዛን ላይ ናቸው፣ ና እይ።» እጁን በሱሪው እየጠረገ ተከተለኝ።

እማማ ሲያዩት ደስ አላቸው። እመኑኝ፣ ደስ አላቸው፤ ሥራውን ጨርሶ እንደሚያስረክብ ሰው። «ልጄ፣ ቀለልኩልህ እኮ» አሉት። «ጠዋት እተዋለሁ፣ ማታም ከጥቂት በቀር አልቀምስም። እህትህ ሥራ ላይ ናት፣ ጉልበት ያስፈልጋታል። እኔ ለምኔ ነው? መኪናህንም ላስቸግርብህ አልፈለግኩም። ነርሷን ጠይቃት፣ በጣም ቀንሻለሁ። ከእንግዲህ ጫናት።»

ጉርዱ እናቱን አየ፣ ሚዛኑን አየ። «እማዬ… እኔ እኮ ስቀልድ ነው» አለ።

«ቀልድህ ይኸው ሚዛን ላይ ወጥቷል» አለችው ነርሷ፤ ድምፅዋን አላነሳችም። «ይህን በሽታ ሰው በልቶም አይችለውም። ምግባቸውን በሐኪም ትእዛዝ ነው የምንለካላቸው። አንተ በጎማ ለካህላቸው።»

በቋንቋችን «ቀለለ» ማለት ክብደቱ ቀነሰ ማለት ብቻ አይደለም። ያን ቀን በዚያ ክፍል ውስጥ የቀለለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሚዛን አላስፈለገም። ጉርዱ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ፊቱን በዚያ የጎማ ጥላሸት በነካው እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እማማ ግራ ገብቷቸው፣ «ምን አጠፋሁ?» ይሉኝ ነበር።

በዚያው ቀን ጎሚስታው ዘንድ ሄደ። የድሮዎቹ ጎማዎች ተሸጠዋል። የመኪናዋ ትክክለኛ የጎማ ልክ ለካስ በነጂው በር በኩል፣ ሁልጊዜ በሚገባበት ላይ ተጽፎ ኖሯል፤ ያንን ይዞ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ያገለገሉ ጎማዎች አገኘ። መኪናዋ ወደ ቁመቷ ተመለሰች። በማግስቱ መጋዘኑ በር ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ምን እንዳሉት ልንገራችሁ? «ጉርዱ፣ አደገች ስንል ጠወለገችብህ?» አሉት። አለቃውም ከት ብሎ ሳቀ። እነዚያ ሰዎች አልተለወጡም፤ እንዲለወጡም አትጠብቁ። የተለወጠው እሱ ነው። «እናቴ ከኋላ ትቀመጥባታለች» ብሎ አልፏቸው ገባ።

ወደ ዳቦ ቤቱም ሄደ። እህቱ ምድጃው ፊት ቆማ ዳቦ እያወጣች ነበር፤ ፊቷን አላዞረችም።

«ጎማውን መለስኩት» አላት። «ነገ ከእኛ ጋር ነይ።»

«እኔ ቀለልኩ እንዴ?»

«ይቅር በይኝ።»

«እኔን ሰደብከኝ፤ ስድብ አይገድልም፣ እረሳዋለሁ» አለች ዳቦውን እየደረደረች። «እሷን ግን አስራብካት። ዳቦ ጋጋሪ ልጅ እያላት እናቴን አስራብካት። ይህን እንዴት አድርጌ ልርሳልህ?» እንባዋ ትኩሱ ቆርቆሮ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፊቷን ጠረገችና፣ «እመጣለሁ። ለአንተ ብዬ ግን አይደለም» አለችው።

እናንተ ሰዎች፣ መኪና አታሳምሩ አላልኩም። ነገር ግን የሠራት ሰው ለምን ያህል ጎማ፣ ለስንት ሰው እንደምትሆን አስቦ ነው የሠራት። ጎማውን ስታሳድጉ ቦታውን ከሆነ ሰው ላይ ነው የምትወስዱት፤ ከሚሳፈር፣ ከሚሻገር፣ ጋሪ ከሚገፋ። ለማይወዷችሁ ሰዎች ዓይን ብላችሁ የሚወዷችሁን ከመኪና አታውርዱ። ደግሞም ለታመመና ላረጀ ሰው የምትናገሩትን ቀልድ መዝኑ፤ እነሱ ሸክም ሆንን ብለው ሲፈሩ ነው የሚውሉት፣ ቃላችሁን እንደ ፍርድ ይወስዱታል።

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋ ዝቅ ብላ በራችን ላይ ቆመች። ጉርዱ ወርዶ በሩን ለእናቱ ከፈተ፤ ጎማውን አላየም። እማማ ገቡ፣ ጋጋሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ እኔን ደግሞ ከፊት አስቀመጠኝ። አራታችንን ይዛ ያለ አንዳች ድምፅ ሄደች። ጋጋሪዋ የእናቷን እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣ የምትይዘው እጅ ግን አላገኘችም። ዞሬ አየሁ። እማማ ከመስኮቱ በላይ ያለውን መያዣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ከወንበሩ ከፍ ብለው ተንጠልጥለዋል። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ደገፍ በይ እንጂ» አለች ልጃቸው።

«ትንሽ ላግዘው ብዬ ነው» አሉ።

ጉርዱ መንገዱ ዳር አቆመና ወደ ኋላ ዞረ። «እማዬ፣ ልቀቂው። ጎማው ተለውጧል። ደህና ተቀመጪ፣ ሁላችንንም ትችላለች» አላቸው።

«እሺ ልጄ፣ ንዳ አንተ» አሉት። አለቀቁም።

ክረምቱ ሳይወጣ ዐረፉ። ሰውነታቸው የሚቋቋምበት አቅም አልቆ ነበር አለ ሐኪሙ። ጉርዱ ዛሬም ያችኑ መኪና ይነዳል፤ ከኋላው ሰው ሲሳፈር ዞር ብሎ «ደህና ተቀመጡ፣ ትችላለች» ሳይል ሞተር አያስነሳም። እናቱም ይህንኑ ቃል ከአፉ ሰምተው ነበር፤ ሳያምኑት ሄዱ።